ክረምት ታህሳስ ላይ የገባው መቼ ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፣ እኛ ጋ እስኪደርስ ወሬው ቢሸብትም ግድ የለኝም ምክንያቱም ካነበብኩት በኋላም ሥራ አለው፣ የሱሪና የቁምጣ ሞዴል የማወጣው በሱ ነው። እስከዛሬ ጽፌላችሁ አላውቅም፣ አሁን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የምጽፈው በልጄ ስልክ ስለሆነ ነጠላ ሰረዙም አራት ነጥቡም ከተደበላለቀ እናንተ አስተካክሉት፣ ሥራችሁ አይደል።

የቤት ገጻችሁ ላይ ስለ ቁልቋል ያወጣችሁትን ነው የምለው። ትንሿን፣ በሲኒ በምታክል ፕላስቲክ የምትሸጠዋን፣ ከተሜው ካክተስ የሚላትን። ጽሑፉ ምን ይላል መሰላችሁ (ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ አንብባችሁት እንደሆነ ግን እንጃ) ቁልቋል በክረምት ማለትም ከታህሳስ እስከ የካቲት ስለሚያርፍ ውሃ አታጠጡት፣ በበጋ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን በደንብ አጠጡት ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ከዛ ሚስቴን ጠርቼ አስነበብኳት። "ታህሳስን ክረምት ያረገው ማነው?" አለችና ሽንኩርቷን ወደመክተፉ ተመለሰች።

እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ግን ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 እንደሆነ ትንሹ የቆሎ ተማሪ ሳይቀር ያውቃል፣ ለነገሩ ጎጃም ውስጥ ይሄን ለማወቅ ጣራህን ማዳመጥ ይበቃል። ሐምሌ ሲገባ የጮቄ ተራራ ደመናውን ለብሶ ይጠፋል፣ ፀሐይ የምትባል ነገር ሳምንት ሙሉ ላትታይ ትችላለች፣ የሰፋሁትን ልብስ ካውያ ካላሳረፍኩበት እርጥብ እርጥብ ይላል፣ ቆዳ ጫማ አልጋ ስር ሻጋታ ያወጣል። እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ቁልቋሉን በደንብ አጠጡት የምትሉን። ታህሳስ ላይ ደግሞ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ እየጠበሰች አታጠጡት።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ገብቶኛል። ጽሑፉ ከፈረንጅ የተገለበጠ ነው። እነሱ ጋ ታህሳስና ጥር ጨለማ ነው፣ ቀኑ ያጥራል፣ መስኮት ላይ ያለ ተክል ብርሃን ስለማያገኝ ያርፋል፣ እያረፈ ውሃ ካጠጡት ይበሰብሳል። ልክ ናቸው፣ ለሀገራቸው። የኛ ጨለማ ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው። ቁልቋል የወር ስም አታውቅም፣ የምታውቀው ፀሐይ መኖርና አለመኖሯን ነው፣ ተርጓሚው ደግሞ ወሩን ተርጉሞ ፀሐይዋን እዛው ትቷት መጣ።

ይሄን የምላችሁ ቡና ላይ ሰምቼ አይደለም፣ ቀብሬ ነው።

በ2013 ዓ.ም ልጄ ባህር ዳር ስትማር ለበዓል ስትመጣ አንዷን ይዛልኝ መጣች፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እስከ ማርቆስ። ክብ ናት፣ የሕፃን ቡጢ የምታክል፣ ዙሪያዋን ነጭ እሾህ፣ አናቷ ላይ አንድ ቀይ አበባ። መርፌ የምሰካባትን ትራስ ቁጭ፣ ይቺማ የሙያ ዘመዴ ናት ብዬ ከሲንጀሩ አጠገብ አስቀመጥኳት። አበባዋ አራት ወር አልረገፈም። ደንበኛ በመጣ ቁጥር "አየህ ይቺን፣ አራት ወሯ እኮ ነው" እያልኩ ስኮራባት ቆየሁ፣ አንድ ቀን የደንበኛዬ ልጅ ሳብ ቢያረገው አበባው ከነሙጫው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። የደረቀ አበባ አናቷ ላይ ለጥፈው ነው የሸጡልን! ሻጩ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ልጄም እስካሁን ይሄ ወሬ ሲነሳ ወደ ጓዳ ትገባለች። ስትገዙ አበባውን ነካ አድርጋችሁ እዩት፣ የቁልቋል አበባ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ በቀን የሚቆጠር ነው፣ ማታ ሲሆን የሚከደንም አለ፣ አራት ወር የሚቆም ካያችሁ ሙጫ ነው።

ጥፋቱ የሻጩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔ ደግሞ ከፕላስቲኳ አውጥቼ አበባ ያለበት ቆንጆ ሲኒ ውስጥ ተከልኳት፣ አፈሩን ከጓሮ ዝቄ። ቀይ አፈራችን ለበቆሎ የሚመች ነው፣ ሲኒ ውስጥ ሲገባ ግን ውሃውን ይዞ እንደ ጡብ ድርቅ ይላል፣ ሲኒው ደግሞ ከስር ቀዳዳ የለውም። በየቀኑ ሱቅ ስከፍት ፊቴን ታጥቤ ለሷም አንድ ጉንጭ ጠብ አረግላታለሁ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ፣ እሷም እየሳቀች ነው የሄደችው፣ ሰኔ ላይ ሞላ ብላ ቆዳዋ ተወጥሮ ሲያብረቀርቅ "ማርቆስ ተስማማት" እያልኩ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ዘመም ብላ አገኘኋት። በማሰምርበት ጠመኔ ጫፍ ቀና ላረጋት ገፋ ሳረጋት ጠመኔው ሰጠመ። ከስር በኩል ቡናማ ሆናለች፣ ቆዳዋ እንደበሰበሰ ቲማቲም፣ ከሲኒው ሳወጣት ስር የሚባል የለም፣ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ ሽታውንስ አልነግራችሁም። ልጄ ጋ ደወልኩ። "አባዬ ከላይ አረንጓዴ ከሆነች ቁረጣት" አለችኝ። አዲስ ምላጭ በአልኮል ጠርጌ ከበሰበሰው ከፍ አድርጌ ቆረጥኳት፣ መሃሏ ላይ ቡናማ ነጥብ አለ። ትንሽ ከፍ አድርጌ ደገምኩ፣ አሁንም አለ። ሦስተኛው ላይ ነው ቅንጣት ቡናማ የሌለበት ጥርት ያለ ሥጋ የወጣው፣ እሱም የአውራ ጣቴን ጫፍ ቢያክል ነው። ነጥቧ ከቀረ መበስበሱ ወደላይ ይቀጥላል፣ ስለዚ ማዘን የለም። ያቺን ቁራጭ ጋዜጣችሁ ላይ አድርጌ ጥላ ቦታ ሁለት ሳምንት አደረቅኳት፣ ቁስሏ እንደ ቁርበት ድርቅ ሲል ደረቅ ቀይ አሽ (የመንገድ ጠጠር) ላይ አስቀመጥኳት። ሰው ሁሉ ቶሎ እንድትይዝ ብሎ ወዲያው እርጥብ አፈር ውስጥ ይከታታል፣ ቁስል ላይ ጭቃ እንደመለጠፍ ነው። ስር አወጣች፣ መቼ? ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ ስትመለስ።

ከዛ ነዋ ፈራሁ። ልጄም ከኢንተርኔት አነበብኩ ብላ ያንኑ የናንተን ምክር ነገረችኝ፣ ከታህሳስ እስከ የካቲት አታጠጣት። እኔም ካሁን በኋላ ውሃ አላሳያትም ብዬ ማልኩ። የካቲት ላይ እንደደረቀ በርበሬ ተጨማደደች፣ ያቺው አውራ ጣት ትንሿን ጣት አከለች፣ በዛ ሁሉ ፀሐይ። ስለዚ ያወጣችሁትን ምክር በሁለቱም በኩል ሞክሬዋለሁ፣ በናንተ በጋ አበሰበስኳት በናንተ ክረምት አደረቅኳት።

አሁን የምሄደው በራሴ አቆጣጠር ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ የመጨረሻዋን አጠጣለሁ፣ ከዛ እስከ መስቀል ዝም። በመሃል ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ከወጣችና በጣም ከተጨማደደች ብቻ ሁለት ማንኪያ። ከመስቀል በኋላ ጥቢው ሲጠራ በትንሹ እጀምራለሁ፣ ከዛ በየ15 ቀኑ አካባቢ፣ የካቲት መጋቢት ሚያዝያ ሙቀቱ ሲበረታ በየ10 ቀኑ። ታህሳስና ጥር ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፣ ውርጭ የሚወርድበትም ቀን አለ፣ እርጥብ አፈር ላይ የቆመ ቁልቋል ደግሞ ብርድ አይችልም፣ ደረቅ ከሆነ ግን ይሻለዋል። ስለዚ የማጠጣው ረፋድ ላይ ነው፣ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ እስከ ማታ እንዲጠፈፍ። ባህር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሌሊቱ ይሻላል፣ እንጅባራ ያላችሁ ግን ከኔም ብሳችሁ ተጠንቀቁ። አባይ በረሃ ዳር ያላችሁ ደግሞ ምክሬን አትስሙ፣ እናንተ ጋ ቁልቋሏ ራሷ ታስተምራችኋለች።

ስታጠጡም እንደ ጠበል መርጨት አይደለም። በቀዳዳው እስኪወርድ ሙሉ አጠጡ፣ ከስር የተጠራቀመውን ድፉ፣ ከዛ እስኪደርቅ እርሱት። መድረቁን የማውቅበት ዘዴ ከሚስቴ የሰረቅኩት ነው፣ ከስፌቷ አንድ ደረቅ ስንደዶ እመዛለሁ፣ በዳር በኩል አፈሩ ውስጥ እስከ ታች አስገብቼ ትንሽ ቆይቼ አወጣዋለሁ፣ አፈር ይዞ ከወጣ ገና ነው፣ ንፁህ ሆኖ ከወጣ ደርቋል። ላዩን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ ላዩ ደርቆ ስሩ ጭቃ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ማንሳትም ይቻላል፣ የደረቀ ማሰሮ ሲያነሱት ቅልል ይላል፣ ከለመዳችሁት ስንደዶም አያስፈልግ።

አፈሩን በተመለከተ ከሚስቴ ጋር ተጣልተናል። አንድ እጅ ደህና አፈር፣ ሁለት እጅ ቀይ አሽ፣ መንገድ ላይ የሚያፈሱትን፣ እንደ ሽምብራ ደቀቅ ያለውን። ደረቅ አሸዋም ይሆናል፣ ዱቄት የመሰለው ግን አይሆንም፣ ይጠቀጠቃል። አሹ አቧራው መውጣት ስላለበት ወንፊት አነሳሁ፣ ወንፊቱ የዱቄት ወንፊት ነበር፣ ቀጥሎ የሆነውን ባለትዳር የሆነ ይረዳል። አዲስ ገዛሁላት፣ አሮጌው የኔ ሆነ። ዋልካ አፈር ባላችሁበት፣ ማለቴ በቢቸናና በደጀን በኩል፣ ለቁልቋል እንዳትሞክሩት፣ ክረምት ሙጫ በጋ ስንጥቅጥቅ ነው፣ ስሯን ይበጥሰዋል።

መትከያውስ? የሸክላ ነገር የሚያህል የለም፣ ቀለም ያልተቀባ ሸክላ ጎኑም ይተነፍሳል። አንገቱ የተሰበረ ጀበና ስላለን ሆዱን አስተረፍኩት፣ ከስሩ በምስማር ጫፍ እያሽከረከርኩ ቀስ ብዬ በሳሁት፣ ከመዶሻ ጋር የሞከርኩት የመጀመሪያው ጀበና ለሁለት ተከፈለ። አሁን ከሲንጀሩ አጠገብ ጥላሸቱ ያለበት ጀበና ላይ ተቀምጣለች፣ የገባ ሁሉ ቡና የፈላ ይመስለዋል።

ብርሃን ላይም ጽሑፋችሁ "ደቡብ መስኮት ላይ አስቀምጡ" ብሎ አለፈ። ይሄም ከነሱው ነው፣ እነሱ ጋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሁሌ በደቡብ ናት። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ እኩለ ቀን ላይ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ ወደ ደቡብ። የሱቄ መስኮት ደቡብ ስለሆነ ታህሳስ ላይ ፀሐይዋ የሲንጀሩ ፔዳል ድረስ ትገባለች፣ ግንቦት ላይ ግን ደፉን እንኳ አትረግጥም። ስለዚ ሚያዝያ ላይ ጀበናውን ወደ ቤት ወስጄ ሰሜን መስኮት ላይ አረገዋለሁ። ብርሃን ሲያንሳት አናቷ እየቀጠነ ወደ መስኮቱ ይመዘዛል፣ የቀጠነው ቦታ ተመልሶ አይወፍርም፣ እንደተበላሸ ስፌት ፈትታችሁ አትሰፉትም። ከጨለማ አውጥታችሁ ባንዴ ሜዳ ላይ ካሰጣችኋትም ትጠበሳለች፣ በቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ፎቶው ነው፣ እሱ እንደውም ያስቆጣኝ። ስለ ካክተስ ጽፋችሁ ያወጣችሁት ፎቶ የኛን የአጥር ቁልቋል ነው! ስማቸው አንድ ስለሆነ ተምታቶባችሁ ይሆናል፣ ግን በእፅዋት ዘር አንድ ቤተሰብ አይደሉም። የኛው ቁልቋል ዛፍ ነው፣ ከጎጆ ጣራ በላይ የሚሄድ፣ እሾሁ ጥንድ ጥንድ፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያንጠባጥብ። ካክተስን የምታውቁት እሾሁ ከሚወጣበት ነጥብ ነው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ትንሽ ጥጥ የመሰለ ነገር አላት፣ ከዛች ጥጥ ላይ ነው እሾሁ እንደ ጨረር የሚበተነው። እኔ እንደውም ቁልፍ የተሰፋበት ቦታ ነው የምትመስለኝ። ከካክተሶቹም ሲወጉ ወተት የሚያወጡ አሉ፣ ስለዚ ወተቱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ ነጥቧን ፈልጉ።

ይሄ ለምን ያናድዳል፣ የአጥሩ ቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ አንዱ ጓደኛችን ቅርንጫፉን በዱላ መታና ወተቱ ዓይኑ ውስጥ ገባ፣ ጩኸቱ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፣ ሦስት ቀን ዓይኑን መግለጥ አልቻለም፣ እግዜር ሲያተርፈው ተረፈ። ከገባ ማሸት የለም፣ ወዲያው ብዙ ውሃ ለብዙ ደቂቃ ማፍሰስና ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። እና ፎቷችሁን ያየ ሰው በነፃ ላግኛት ብሎ አጥር ላይ ቆርጦ ሕፃን የሚዳክርበት ሳሎን ውስጥ ቢያስቀምጠውስ?

እውነተኛውን ካክተስ በሀገራችን በብዛት ያየ የትግራይን በለስ ያየ ነው (በለስ ስል የመተከሉን ወንዝ አላልኩም)። የካክተስ ሀገሩ አሜሪካ አህጉር ነው፣ በተፈጥሮው አፍሪካ ጫካ ውስጥ የሚገኘው ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል አንድ ዓይነት ብቻ ነው። የሜክሲኮ ባንዲራ ላይ ንስሩ የቆመው የበለስ ዘመድ ላይ ነው። ሜክሲኮ ደግሞ ጣሊያን ሀገራችንን ሲይዝ አልቀበልም ካሉት ጥቂት ሀገሮች አንዷ ናት፣ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የተሰየመላት። ይሄን ለደንበኞቼ ስነግራቸው "በል እንግዲህ ውሃ አትከልክላት፣ የባለውለታ ልጅ ናት" አለኝ አንዱ ሽማግሌ።

ማዳበሪያ ላይ ብዙ አልልም፣ አንድ ታሪክ ብቻ። የሚስቴ ወንድም ከቡሬ መጥቶ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብሎ አያት አያትና "አያ፣ ይቺን ልጅ ዩሪያ ብትነካት እኮ እንደ በቆሎ ትመዘዝ ነበር" አለኝ። ሳቅኩ። እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም፣ በሁለተኛው ጉዞው በፌስታል ቋጥሮ አምጥቶ እኔ ምሳ ስሄድ ከጎኗ ወጥታ ጣሳ ላይ የተከልኳት አንዷ ግልገል ላይ እፍኝ ሙሉ አፍስሶላት ውሃ ጨመረበት። ዩሪያ መቶው ውስጥ 46ቱ ናይትሮጅን ነው፣ ለበቆሎ ማሳ የተሠራ ነገር፣ በሳምንቷ ስሯ ተቃጥሎ ለስልሳ ተኛች። ያ ሁሉ ወረፋ የሚጠበቅለት ማዳበሪያ ጣሳ ላይ መባከኑስ። ቁልቋል ቀስ ብሎ ማደግ ልማዷ ነው፣ እኔ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አፈሯን ከመቀየር ሌላ ምንም አልሰጣትም። ስቀይር እሾኋ እንዳይወጋኝ ጋዜጣችሁን አጥፌ አጥፌ እንደ ቀበቶ ወገቧ ላይ ጠቅልዬ ነው የማነሳት፣ አራት እጥፍ ይበቃል።

ከነጥቧ ከራሷ ጥጥ ሌላ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር እሾኋ መሃል ካያችሁ ደግሞ የሷ ጥጥ እንዳይመስላችሁ፣ ተባይ ነው፣ ምጥጥ አድርጎ ይጨርሳታል። ከፋርማሲ የሚገዛውን አልኮል በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ እየነካችሁ አንድ በአንድ ልቀሙት፣ በሳምንቱ ድገሙት፣ ካረጋችሁ በኋላ ፀሐይ ላይ አታውጧት። አንዴ በዓል ሆኖ ፋርማሲ ሲዘጋብኝ ሚስቴ ለእንግዳ ያስቀመጠችውን ዳግም አረቄ ተጠቅሜያለሁ፣ እንደ ፋርማሲው ባይሆንም ሠርቷል፣ ሱቁ ግን ሁለት ቀን ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሸተተ።

ሱቅ ያላችሁ ሰዎች አንድ ዓይነት እንዳትገዙ፣ የጥንቸል ጆሮ የመሰለችውን፣ ጠፍጣፋ ሆና ወርቃማ ነጠብጣብ ያላትን። እሾህ የሌላት ትመስላለች፣ ሰው ሁሉ ይዳስሳታል። ነጠብጣቡ ሁሉ ግን በመቶ የሚቆጠር ፀጉር የመሰለ እሾህ ነው፣ ነካ ሲያረጉት ይነቀልና ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ ስለሆነ አይወጣም። አንድ ገበሬ ደንበኛዬ ቁምጣ ሊለካ መጥቶ አግዳሚው ላይ ከነበረችው ጋር ተነካካ፣ ቁምጣ ለባሽ ባቱ ባዶ ነው። በስኮች እየለጠፍኩ እያነሳሁ ብዙውን አወጣሁለት፣ የቀረውን በወረንጦ፣ መነፅሬን አድርጌ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ቁምጣውን በነፃ ሰፋሁለት፣ ምን ላርግ።

ቀይ ወይም ቢጫ ኳስ አናቷ ላይ የተቀመጠላትም አለች፣ እሷም ሁለት ተክል ናት። ላይኛው ኳስ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ራሱን መመገብ አይችልም፣ ከስር ያለው አረንጓዴ ግንድ ነው የሚቀልበው፣ ለዛ ነው ብዙ ዓመት የማትቆየው። አትግዙ አልልም፣ ስትሞት ግን ራሳችሁን አትውቀሱ።

ጽሑፋችሁ ኮምፒውተር አጠገብ ብትቀመጥ ጨረር ትስባለች ያለውንም አንብቤያለሁ። ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን ነገር እሷ ጋ ካልደረሰ በምን ልትስበው ነው፣ ጃንጥላህን ጥግ አቁመህ መሃል ሜዳ ዝናብ እንዳይመታህ መጠበቅ ነው። ባንክ ቤትም ቀበሌም ጨለማ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር ስር ተቀምጠው አናታቸው እየቀጠነ ያሉትን ሳይ ያሳዝኑኛል። መስኮት ላይ አውጡልን።

የኔዋ አሁን ደህና ናት። በየመስከረሙ በሜትሬ ወገቧን እለካታለሁ፣ እንደ ደንበኛ፣ ደብተሬ ላይ ስም አላት። ባለፈው 21 ሳንቲ ነበረች፣ ከዛች አውራ ጣት ተነስታ። መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት ሱቅ ስከፍት አናቷ ዙሪያ እንደ አክሊል የተደረደሩ የክብሪት ራስ የሚያካክሉ ነገሮች አየሁ፣ መጀመሪያ ተባይ መስሎኝ አልኮሉን አንስቼ ነበር፣ ደግነቱ መነፅሬን አጠለቅኩ፣ እንቡጥ ናቸው። በሳምንቱ ሮዝ ሆነው ፈኩ፣ ረፋድ ላይ ይከፈታሉ ሲመሽ ይከደናሉ። ማንም እንዳይነካብኝ ሁለት ሳምንት ልጆቹን በር ላይ ነው የለካኋቸው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ አንድ ነው፣ ማስተካከያ አውጡ። ከሰኔ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጽሑፋችሁን አምኖ ሐምሌ ላይ ጣሳ ውሃ ይዞ የሚነሳ ሰው አለና። ወራቶቹን ገልብጡ፣ ፎቶውን ቀይሩ። ፎቶ ካጣችሁ ልጄ ታነሳላችኋለች። ዘንድሮ ከጎኗ ስድስት ግልገል አውጥታለች፣ ሪፖርተራችሁ ማርቆስ ከመጣ አንዷን በነፃ እሰጠዋለሁ፣ አበባ ግን አላጣበቅኩባትም።

አክባሪያችሁ
ልብስ ሰፊው፣ ከደብረ ማርቆስ